ጉሬዛ ስንት ያወጣል?

ስክራብል የሚባለውን የቃላት ጨዋታ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ያውቁት ይሆናል፤ ለማያውቁት ግን አስቀድሜ በጥቂት ቃል ላስረዳ። ገበታው እንደ ሰንጠረዥ በቤት በቤት የተከፈለ ሲሆን፥ ወርዱም ቁመቱም 15 ቤት ነው። በከረጢት ውስጥ 100 ጠፍጣፋ ጠጠሮች ይገባሉ፤ ከነዚህ 2ቱ ባዶ ናቸው፥ በቀሩት በ98ቱ ላይ አንዳንድ የላቲን ፊደል ተጽፎባቸዋል። ተጫዋቹ 7 ጠጠር ያወጣና ከፊደሎቹ ቃል ሠርቶ፥ ቃሉንም ቀድሞ በገበታው ላይ ከተቀመጠው ቃል ጋር አቆላልፎ ይደረድራል። ፊደል ሁሉ ዋጋ አለው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በየመስመሩ የማይታጣው ኢ 1 ነጥብ ብቻ ሲያወጣ፥ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉት ኪው እና ዜድ እያንዳንዳቸው 10 ያወጣሉ። 7ቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ አውጥቶ ቃል የሠራ እንደሆነ 50 ነጥብ ይመረቅለታል።

ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ከሥራ ቢያስወጣው፥ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይልቅ ይህን ሲያበጅ ከረመ። የፊደሎቹን ዋጋ የወሰነውም በግምት አይደለም፤ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እየቆጠረ ነው። ስክራብል የሚለው ስም የወጣለት በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ትርጉሙም በእጅ መቧጠጥ ማለት ስለሆነ፥ ከረጢት ውስጥ እጁን ሰድዶ ጠጠር የሚያተራምሰውን ሰው ላየ ስሙ የተስማማ ነው።

እኔ የምኖረው በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ጨዋታውን ወደ ቤቴ ያስገባችው ግን የእኅቴ ልጅ ናት። ገበታውን ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ሰጣት፤ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስትመለስ በረንዳዬ ላይ ዘርግታ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች፥ ጓደኛ ያጣች ቀን ደግሞ እኔን ታስቀምጠኛለች። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ከሚውል ልጅ ይልቅ፥ በፊደል ምክንያት ከጓደኛው ጋር የሚሟገት ልጅ ማየት ለአስተማሪ ትንሽ ደስታ አይደለም።

ነገር ግን ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ልጅቱ የምታወጣቸው ቃላት እንግዳ እየሆኑ መጡ። ለዚሁ የለየችው ደብተር አላት። በአንድ ገጽ ላይ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ብቻ ተሰልፈዋል፤ በሌላው ገጽ ላይ ዜድ ያለባቸው፤ በሦስተኛው ደግሞ ኪው ያለባቸው፥ ዩ ግን የሌለባቸው። ይህ የመጨረሻው ዝርዝር በተጫዋቾች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው። በእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ አይንቀሳቀስምና፥ ኪውን ይዞ ዩ ያጣ ተጫዋች በሬ ኖሮት ቀንበር እንዳጣ ገበሬ ይሆናል። ከቃላቱ ጎን የተጻፈ ነገር አለ፤ ትርጉም ሳይሆን ነጥብ ነው። አንድ ቀን ሁለት ኤ ጎን ለጎን አስቀምጣ «ቃል ነው» አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፥ ትርጉሙን ማን ይጠይቀኛል?»

እውነትዋን ነው። በጨዋታው ሕግ መሠረት ተቃራኒው ተጫዋች ቃሉን ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩ ግን ቃሉ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር የሚሠራበት የእንግሊዝኛ ዝርዝር ከ270 ሺሕ በላይ ቃላት ይዟል። ይህን ሁሉ ከነትርጉሙ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝ አገርም የሚገኝ አይመስለኝም። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ በእንግሊዝኛ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን ዝርዝር በጥቂት ሳምንታት አጥንቶ፥ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን ውድድር አሸነፈ። በ2024 እ.ኤ.አ. የስፓንኛውንም ወሰደ። እንዲህ ያለውን የአእምሮ ኀይል እንዴት አላደንቅም? ለእርሱ ቃል ማለት ለቆጣሪ ቁጥር እንደሆነው ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው፥ በማንም ላይ ጉዳት የለውም።

የእኅቴ ልጅ ግን አሥረኛ ክፍል ናት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንደ ወሰነው፥ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳቡንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ባዮሎጂውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከእናቱ አፍ ያልሰማቸውን ቃላት በየቀኑ በደርዘን ይቀበላል፤ ተቀብሎም በፈተና ወረቀት ላይ ልክ እንደ ጠጠር ይደረድራቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ተማሪዎቹ ኢቫፖሬሽን የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ እንደ ተጻፈ፥ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ በቃላቸው ይሉታል። እኔም በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያመለከትሁ «ጥቁር ውሃ ወንዝ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ውሃው ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቆይቶ አንድ ልጅ በሹክሹክታ «በነፋስ?» አለ። ቃሉ በደብተራቸው ውስጥ ነበረ፤ ትነቱም በዓይናቸው ፊት ከሐይቁ ላይ ይነሣ ነበረ፤ ሁለቱ ግን አልተዋወቁም።

ስለዚህ ከልጅቱ ጋር ውል ገባን። የዓለም ሕግ የፈለገውን ይበል፤ በኛ በረንዳ ላይ ግን ቃሉን አስቀምጦ ትርጉሙን ለሚናገር 5 ነጥብ ይጨመርለታል። ደብተሯንም ተቀብዬ ከነጥቡ ቀጥሎ ሌላ ዓምድ አሰመርሁበት። ሁለቱ ኤ በሃዋይ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ሸካራ ሆኖ የሚረጋ ቅልጥ ድንጋይ ኖሯል። ኤ እና አይ ደግሞ በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል፥ በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጥፍር ያለው ዝግተኛ እንስሳ ነው። ኪውና አይ በቻይናውያን አስተሳሰብ የሕይወት እስትንፋስ ማለት ነው። ዜድና ኤ ግን አሳዘነኝ፤ ፒዛ የሚለውን ቃል አሜሪካውያን ወጣቶች ጭንቅላቱን ቆርጠው ሲጠሩት የቀረ ጅራት ነው፥ በዚህም ላይ 11 ነጥብ ያወጣል።

ይህን ስንጽፍ ከቆየን በኋላ ኪው፣ ኤ፣ ቲ የሚለው ላይ ደረስን። ነጥቡ 12 ነው። ልጅቱ «ይህን እወደዋለሁ፥ ስንት ጊዜ አድኖኛል» አለች። ትርጉሙን ስታነብ ግን ዝም አለች፤ ጫት ነበረ። እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት ከዐረቦች ነው፤ በኬም፣ በኬና በኤችም፣ በኪውም ይጽፉታል፥ ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ተፈቅዷል። ከሐዋሳ እምብዛም ሳይርቅ በወንዶ ገነት የሚበቅለው፥ በጐዳናው ዳር በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠው፥ የአንዳንድ ተማሪዎቼን ከሰዓት በኋላ የበላው ቅጠል፥ በሩቅ አገር የኪው መገላገያ ሆኖ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ሥራችን ሌላ መልክ ያዘ። ልጅቱ «የኛ ምን ምን አለ?» እያለች በዝርዝሩ ውስጥ አገሯን መፈለግ ጀመረች። ጤፍ አለ፥ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ይጻፋል። ከ«ጠፋ» የመጣ ነው፥ ፍሬው ከእጅ ሲወድቅ አይገኝምና የሚሉን አባቶች በዚያ የሉም፤ በዚያ የእህል ዐይነት ነው፥ አለቀ። እንጀራም አለች፤ ትርጓሜዋ በሩቅ ያያት ሰው እንደ ጻፈው ነው፤ ስስ ቂጣ አድርጓታል። ልጅቱ በዚህ ተቈጣች። «ዐይኗስ? እርሾዋስ?» አለች። እኔም የራሷን ትርጉም እንድትጽፍ ፈቀድሁላት። አቡነ፣ ራስ፣ ንጉሥ ሁሉም በትንንሽ ፊደል፥ ያለ ዘውድና ያለ ካባ ገብተዋል። ንጉሥማ አስቂኝ ዕጣ ገጥሞታል። በእንግሊዝኛ በዚያው ፊደል የሚጻፍ ሌላ ቃል አለ፤ ይኸውም በ1732 እ.ኤ.አ. የሞተ ፍራንሲስ ኒገስ የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል አወጣው የሚባል፥ የወይን ጠጅና የፈላ ውሃ በስኳርና በሎሚ የተቀላቀለበት መጠጥ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ቃሉን ሲያስቀምጥ የአክሱምን ዙፋን ይሁን የኮሎኔሉን ጽዋ ያስቀመጠው፥ እርሱም አያውቅም፥ ገበታውም አይጠይቀውም።

ብርም እንዲሁ ሁለት ሕይወት አለው። በስኮትላንድ አነጋገር ብር ማለት ኀይል፥ ግፊት፥ እንደ መዘውር ያለ ድምፅ ማለት ሲሆን፥ ሥሩ በጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ መልካም የመርከብ ነፋስ ነው። የኛ ብር ማዕድኑ ነው። በገንዘባችን ላይ በዐማርኛ ቀድሞም ብር ይባል ነበረ፤ በእንግሊዝኛ ግን የኢትዮጵያ ዶላር ይባል የነበረው በ1976 እ.ኤ.አ. በብር ተተካ። ነፋሱና ማዕድኑ ሳይተዋወቁ በአንድ ቃል ውስጥ ይኖራሉ፤ ዋጋቸውም 6 ነጥብ ነው። የዛሬውን ገበያ ለሚያውቅ ሰው 6 ነጥብ አያንስም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ቀበሌ ነው። ሰፈር ማለት የነበረው ይህ ቃል ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም መታወቂያ የሚሰጥ፥ ስኳር በራሽን የሚያድል፥ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ሌሊት ከቤቱ የሚጠራበት ስም ሆነ። የኔ ዕድሜ ሰዎች ቃሉን ያለ አንዳች ስሜት መስማት አይችሉም። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ በኢም በኤም ተጽፎ ይገኛል፥ 12 ነጥብ ያወጣል። ልጅቱ በደስታ አስቀመጠችው። ትርጉሙን ስጠይቃት «ወረቀት የሚያስፈርሙበት ቢሮ» አለች፤ 5ቱን ነጥብ ሰጠኋት፥ ለእርሷ እውነቱ ይኸው ነውና።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህ ቃላት በእግራቸው ሄደው እንግሊዝ አገር አልደረሱም፤ የወሰዷቸው ሰዎች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሶ ጎንደርን ካየ በኋላ፥ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ጤፍን፣ ኮሶን፣ እንሰትን፣ ቁልቋልን፣ ቀንጠፋን በየስማቸው ጠርቶ ጽፏል። ስለ ቋራ ዛፍ ቀይ ፍሬ ሲጽፍ፥ የወርቅ መመዘኛ የሆነው ካራት ከዚህ የመጣ ነው እስከ ማለት ደርሷል፤ ይህ ግን አልጸናለትም፥ የቃሉ ሥር በዐረብኛ በኩል የግሪክ ነው። (ቡናንም ከከፋ ጋር ሊያገናኙ የሚወዱ ወገኖች አሉ፤ ቡናው የኛ መሆኑ አያጠራጥርም፥ ኮፊ የሚለው ቃል ግን በቱርክኛ በኩል ከዐረብኛው ቀህዋ የሄደ ነው።) ከብሩስም በፊት ነገሩ ወደ መዝገበ ቃላት ቤት ገብቶ ነበረ። የእንግሊዝኛን ስመ ጥር መዝገበ ቃላት በ1755 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳሙኤል ጆንሰን በዕድሜው መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ፥ ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈው ነው፤ ከፈረንሳይኛ መልሶ በ1735 አወጣው። በ1759 ደግሞ የሐበሻውን ልዑል የራስላስን ታሪክ በልብ ወለድ ጻፈ፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ ዐማርኛ መልሰውታል። ራስላስ የሚለው ስም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከሚለው ተቆርጦ የተሠራ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግሊዝኛን በመዝገብ የሰበሰበ ሰው ብዕሩን ያሟሸው በኛ ስሞች ላይ ነው ማለት ነው።

ወደ ጉሬዛ ልመለስ። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ሰሜን አገራችን መጥቶ ነበረ፤ በ1835 ጭላዳን፣ ዋልያንና ጉሬዛን በሳይንስ ስም የመዘገበ እርሱ ነው። ጭላዳ የሚለውን ስም ባላገሩ እንደ ነገረው ሊጽፍ ቢሞክር፥ ጭ በላቲን ፊደል የላትምና ጌላዳ ሆና ቀረች። ጉሬዛ ግን ጤነኛ ሆኖ ተሻግሯል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ልክ 7 ፊደል ነው፤ ዜድም አለበት። የፊደሎቹ ድምር 17፥ በአንድ ጊዜ ቢወጣ ከምርቃቱ ጋር 67። የእኅቴ ልጅ ይህን ቃል በቀይ አስምራበት ነበረ። አነባበቧም እንደ ጽሕፈቱ ስለ ነበረ «ጉኤሬዛ» ትለው ነበረ። ከጎኑ «የዝንጀሮ ዐይነት፥ አፍሪካ» ተብሎ ተጽፏል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በፍቅር ሐይቅ በኩል አድርገን በሐይቁ ዳር ወደ አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየበለቱ፥ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ነበረ። ከትልቁ ዛፍ ሥር ስንደርስ ከላይ ቅጠል ረገፈብን። ቀና ብንል ጥቁርና ነጭ የለበሱ፥ ረዥም ነጭ ጅራት ያንጠለጠሉ አምስት ስድስት እንስሳት በቅርንጫፉ ላይ ተቀምጠው ቅጠል ያኝካሉ። ልጅቱ እዚህ ከተማ የተወለደች ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታቸዋለች። «ጦጣዎቹ ዛሬ ብዙ ናቸው» አለች። ከጎናችን ጀልባውን የሚያሥር አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ጦጣማ ያችውልሽ፥ ከታች ፍርፋሪ የምትለቅመው፤» አሏት። «እነዚህ ጉሬዛ ናቸው ልጄ። ጉሬዛ እንደ ጦጣ አይሰርቅም፥ ቅጠሉን በልቶ እላይ ነው የሚኖር።»

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። «ምን አሉ አባባ?»

«ጉሬዛ።»

ቀስ ብላ ለራሷ ደገመችው፤ በጣቶቿም ስትቈጥር አየኋት፤ ጉ፥ ሬ፥ ዛ። ወዲያው ሽማግሌውን በጥያቄ ያዘቻቸው። እርሳቸውም ግልገሉ ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ መሆኑን፥ እናቲቱ ብቻ ሳትሆን ሌሎቹም እየተቀባበሉ እንደሚያቅፉት፥ ድሮ ጀግና የጉሬዛ ለምድ ይለብስ እንደ ነበረ አጫወቷት። እኔም አውራ ጣት እንደሌለው፥ ኮሎበስ የሚለው የሳይንስ ስሙም በግሪክ የተቆረጠ ማለት መሆኑን ነገርኋት። ሽማግሌው ይህን አያውቁም ነበረና ወደ ዛፉ አንጋጠው ብዙ ጊዜ አዩ። ስንለያይም በሲዳምኛ የሚጠራበትን ስም ነገሯት፤ እርሱን በደብተሯ በሌላ ቀለም ጻፈችው። ይህኛው ስም በማናቸውም ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ነጥብ የለውም።

በጨዋታው ውስጥ የማይፈቀድ ነገር ቢኖር የቦታና የሰው ስም ነው። ለንደንም፣ ጎንደርም፣ ሐዋሳም በገበታው ላይ አይቀመጡም። ከገበታው ውጭ ግን በስም ላይ እንዴት ያለ ጨዋታ እንደሚደረግ እኛ የሲዳማ ነዋሪዎች በደንብ እናውቃለን። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በባሕር ማዶ በቡና ከረጢት ላይ ተጽፈው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ቡናውን ለለቀመው ገበሬ ግን ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. እነዚህ ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ለአሜሪካ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። ክርክር ተነሣ፤ በ2007 ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱ ለገበሬው ምን ያህል ጠቀመ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን ቃሉ የማን ነው ተብሎ መጠየቁ ራሱ ነው። ልጅቱ ይህን ስነግራት «ታዲያ ለጉሬዛስ ማን ይከፍለናል?» አለችኝ። ይህን የሚመልስ ጠበቃ አላውቅም።

አንዳንድ ሰው የኛ ቋንቋ የቃላት ጨዋታ የለውም ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሞልቶት! ግን የኛ ጨዋታ ሁሉ በትርጉም ላይ የቆመ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን አዘጋጅቶ ወርቁን ይሰውራል፤ ፊደል የሚቈጥርለት የለም፥ ምሥጢሩን ግን መምህሩ አንሥቶ ይመዝነዋል። በእንቆቅልሽም «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ያጣ እንደሆነ አገር ይሰጣል። የእኅቴ ልጅ በእንቆቅልሽ ስሸነፍባት «አገር ይስጡኝ» ትለኛለች፤ ጎንደርን ስሰጣት አትቀበልም። እኔ ሳሸንፋት ግን ሳትሳሳ ፓሪስንም ለንደንንም ትሰጠኛለች፤ ሐዋሳን እስከ ዛሬ አልሰጠችኝም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ጀምራለች። ካርቶን ቆርጣ የዐማርኛ ጠጠር ልትሠራ ነው። ችግሩ ቀላል አይደለም። እንግሊዞች በ26 ፊደል የሚጫወቱትን እኛ 33ቱን በ7 አባዝተን፥ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር፥ በ231 ልንጫወተው ነው። ያን ያህል ጠጠር የትኛው ከረጢት ይችለዋል? በሌላ በኩል ቃሎቻችን አጭር ናቸው፤ በነሱ 7 ጠጠር የፈጀው ጉሬዛ በኛ 3 ብቻ ነው፥ ጤፍና ብር 2፣ 2። እኔ ጠጠሩ ግእዙን ብቻ ይያዝና ተጫዋቹ እንደ ፈለገው ካዕብ ሣልስ እያደረገ ያንብበው ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ሰ፣ በ፣ ረ ያወጣ ሰው ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስባሪ ሊል ይችላልና፥ ይህ የቋንቋችንን ባሕርይ የተከተለ ይመስለኝ ነበረ። ልጅቱ ግን ማጭበርበር ነው አለችና፥ እንደ በትስ ፊደል ለፊደል ጋዜጣ እንድንቈጥር አዘዘችኝ።

ሦስት ማታ ቈጠርን። እስካሁን ከሁሉ በልጦ የተገኘው ን ነው፤ ት ይከተለዋል፤ እነዚህ 1 ነጥብ እንዲያወጡ ተስማምተናል። ጠቡ የተነሣው በጵ ላይ ነው። የጰ ቤት ከፊደላችን ሁሉ ያነሰ ሥራ ያለው ነው፤ ከጳጳስ፣ ከኤጲስ ቆጶስና ከላጲስ ሌላ ብዙ ደንበኛ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ኪው 10 ይገባዋል ብዬ ነበረ። በጋዜጣው ላይ ግን ጵ በየአንቀጹ ብቅ ይላል። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ውስጥ አለ። በቈጠራው ሕግ ከሄድን ርካሽ ፊደል ነው። ነገር ግን የአገር ስም በገበታ ላይ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጵ የደረሰው ተጫዋች ጵጵስና ብሎ ካልተገላገለ ይዞት ይቀመጣል።

ልጅቱ መቀሱን ይዛ ካርቶኑ ላይ ጵን ጻፈችና በጥጉ የነጥቡን ቦታ ባዶ ተወችው።

«እንግዲህ ስንት እናድርገው ጋሼ?»

ገና አልወሰንንም።